ጎጀብ ላይ የተማረኩት ደራሲ

እንደምን ዋላችሁ፣ አካም ጅርቱ! ከአጋሮና ከሰርቦ ድረስ የመጣችሁ፣ እግዜር ይስጥልን። የዓመቱን ሪፖርት ጸሐፊያችን ያነቡልናል፤ እኔ ስለ አንድ ሰው ላውራ። «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን ልብ ወለድ ስለጻፉት ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ።

መጽሐፉን ያላነበበ እንኳ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሰምቶታል። እኔን ግን የመጽሐፉን ያህል የሚገርመኝ የሰውየው ኑሮ ነው። ጎጃም ቅኔ ተማሩ፣ መምህር ሆኑ፣ ጣሊያን ሲመጣ ከራስ እምሩ ጋር ዘመቱ። የራስ እምሩ ጦር ታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. እጁን የሰጠው የት መሰላችሁ? እዚሁ አጠገባችን፣ ወደ ቦንጋ ስንሄድ የምንሻገረው ጎጀብ ወንዝ ላይ! ሐዲስ ተማርከው ጣሊያን አገር ተወሰዱ፤ ለዓመታትም በእስር ቆዩ። ከተፈቱ በኋላ ኢየሩሳሌም ቆንስል፣ ለንደን አምባሳደር፣ አዲስ አበባ የትምህርት ሚኒስትር ሆነው ሠሩ።

ልብ ወለዱ የወጣው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ሃምሳ ዓመታቸውን ካለፉ በኋላ። ታዲያ ያ ሁሉ ሥራ ከድርሰት የሰረቀባቸው ጊዜ ነበር እንዴ? እኔ አይመስለኝም። የልብ ወለዱን ዋና ሰው በዛብህን የቅኔ ተማሪ አድርጎ እንዲያ መሳል የሚችለው ቅኔ ቤት የኖረ ሰው ነው። በመጽሐፉ ያሉትን ባላባት ፊታውራሪ መሸሻንም እንደዚያ ለመጻፍ ሹመትና ሹመኛን በቅርብ ማየት የረዳቸው ይመስለኛል።

እኔ ቀን ቡና ስመዝን ነው የምውለው፣ ታውቃላችሁ። ባለፈው አንድ አባት ጆንያቸውን ሚዛን ላይ አውጥተው ቁጥሩን ትተው የእኔን ፊት ያያሉ። ፊቴ ላይ ዋጋውን ሊያነቡ። ማታ ያንን ደረሰኝ ጀርባ ላይ ጻፍኩት። እንዲህ ያለ ወረቀት መሳቢያዬን ሞልቶታል፤ ልብ ወለድ ላደርገው ነው፣ ቴአትርም መጻፍ እፈልጋለሁ፣ ልጆችንም ማስተማር። ሁሉንም! ሥራዬን ግን አልለቅም።

እዚህ ነርስ አለ፣ የባጃጅ ሹፌር አለ፣ መምህር አለ። «ጊዜ ሳገኝ እጽፋለሁ» የምትሉ ብዙ ናችሁ። እባካችሁ፣ ጊዜ እስክታገኙ አትጠብቁ፤ የምትውሉበትን ጻፉ። ለሚቀጥለው ስብሰባ እያንዳንዳችን ከሥራ ቦታችን ሁለት ገጽ ይዘን እንምጣ። መጀመሪያ የማነበው እኔ ነኝ። አሁን ቡናው ደርሷል፣ ከዚያ ወደ ሪፖርቱ እንገባለን።