ለስላሳ ለምን አያጠግብም? ጣፋጭ መጠጥና የወጣቶች ክብደት

(ምስል፦ ሐዋሳ፣ ከሰዓት በኋላ። የደንብ ልብስ የለበሱ ተማሪዎች በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ቆመው ለስላሳ ይጠጣሉ።)

ተራኪ፦ በሐዋሳ ፀሐይ ከትምህርት ቤት የሚወጣ ተማሪ የሚያስበው ጥሙን ስለመቁረጥ ነው። ብዙዎቹ ለስላሳዎች ግን በ100 ሚሊ ሊትር 10 ግራም ያህል ስኳር ስለሚይዙ፣ በ300 ሚሊ ሊትሩ ጠርሙስ ውስጥ ወደ 30 ግራም፣ ማለትም ሰባት ተኩል የሻይ ማንኪያ ስኳር አለ።

(ምስል፦ አንድ እጅ በሻይ ብርጭቆ ውስጥ ስኳር በማንኪያ እየቆጠረ ይጨምራል። ከአምስተኛው በኋላም መጨመሩን ይቀጥላል።)

ተራኪ፦ ይህን ሻይ አንድ ጊዜ ፉት ብሎ የሚመልሰው ልጅ ለስላሳውን ሳያማርር የሚጨርሰው፣ ቅዝቃዜውና አሲዱ ጣፋጭነቱን ስለሚሸፍኑት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ እንዲህ ያለው ስኳር በቀን ከምናገኘው ኃይል ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ቢቻልም ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል፤ በቀን 2000 ካሎሪ ለሚያስፈልገው ሰው ይህ ዝቅተኛው ወሰን 25 ግራም ስለሆነ አንዱ ጠርሙስ ብቻውን ያልፈዋል።

ከክብደት ጋር የሚያገናኘው ዋናው ነገር ግን ጥጋብ ነው። ዳቦ የበላ ሰው ምሳው ሲቀርብ ጥቂት ይቀንሳል፤ ተመጣጣኝ ኃይል በፈሳሽ መልክ የወሰደ ግን ያንኑ ያህል አይቀንስም፤ ለስላሳን «ማወራረጃ» ማለታችንም ከምግብ ሳንቆጥረው እንደምንጠጣው ያሳያል።

በስሌት ብቻ ከሄድን በየቀኑ አንድ ጠርሙስ የሚጠጣ ልጅ በዓመት ከአምስት ኪሎ በላይ መጨመር ነበረበት። እንዲህ ያለው ማስፈራሪያ የተጋነነ ነው፤ ሰውነት ክብደቱ ሲጨምር የሚያቃጥለው ኃይልም አብሮ ይጨምራልና። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት ከ4 እስከ 11 ዓመት የሆኑ 641 ልጆችን ለሁለት ከፍሎ ለ18 ወራት በቀን 250 ሚሊ ሊትር መጠጥ አቀረበላቸው፤ ስኳር ያለው የደረሳቸው ልጆች ስኳር አልባው ከደረሳቸው በአማካይ በ1 ኪሎ ያህል በልጠው ተገኙ። ትንሽ ይመስላል፣ ነገር ግን የመጣው ከአንድ ብርጭቆ ብቻ ነው።

በዚያው ዓመት በቦስተን አካባቢ የተካሄደ ሌላ ጥናት ውጤት ታተመ፤ እዚያ ጣፋጭ መጠጥ የሚያዘወትሩና ክብደታቸው ከመጠን ያለፈ 224 ወጣቶች ተሳትፈው ነበር። ውኃና ስኳር አልባ መጠጥ እስከ ቤታቸው ይመጣላቸው የነበሩት በአንድ ዓመት ውስጥ ከሌሎቹ በ2 ኪሎ ገደማ ያነሰ ጨመሩ፤ ማድረሱ ቆሞ ሌላ ዓመት ሲያልፍ ግን ልዩነቱ ደበዘዘ። እኔ ከዚህ የምረዳው፣ ወጣቱ የሚጠጣው በአብዛኛው እጁ ሥር ያገኘውን መሆኑን ነው። በእኛ ቤት ደግሞ ለበዓል የሚገባው ሳጥን ሙሉ ለስላሳ ነው፤ እንግዳም ሆኖ የቀረበለትን የሚመልስ ልጅ እንደ ነውረኛ ይታያል።

(ምስል፦ ጁስ ቤት። የአቮካዶ ስፕሪስ በረጅም ብርጭቆ፣ ከላይ ቪምቶ ሲፈስበት።)

ተራኪ፦ ጁስ ቤትም ነገሩ ያው ነው። የሲዳማ አቮካዶ በራሱ ስኳር የለውም ለማለት የሚያስደፍር ፍሬ ነው፤ ጣፋጩ የሚመጣው ሳይጠየቅ ከሚጨመረው ስኳርና ከቪምቶው ነው። ስለዚህ «ያለ ስኳር» የሚባለው መፍጫው ከመነሳቱ በፊት፣ ገና ትዕዛዝ ሲሰጥ ነው።