የዓርብ ማታው ልጅ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከፖሊስና ከፍርድ ቤት የመጣችሁ ባልደረቦቻችን፣ እናቶችና አባቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ሪፖርቱን ጸሐፊያችን ታቀርበዋለች። ቁጥሩን ለእሷ ትቼ እኔ ልጅ ሲያጠፋ ስለምናደርገው ዕርቅ ብቻ ልናገር።

ሕጋችን በዚህ ብዙም አይታማም። ገና በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ወጣት ጥፋተኛ ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወዳለው ወረዳ ፍርድ ቤት ይወሰድ ይላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከ9 ዓመት በታች ያለውን ልጅ ጭራሽ አይነካም። ከ9 እስከ 15 ያለው ደግሞ ከአዋቂ ወንጀለኛ ጋር እንዳይታሰር ይከለክላል። ለዳኛውም ልጁን የሚያርምበት ተግሣጽ አለለት፣ የቅርብ ክትትል አለለት፣ በቤት ወይም በትምህርት ቤት ተወስኖ መቆየት አለለት።

ችግሩ ዓርብ ማታ ነው። ልጁ ይያዛል። ወላጁ ስልክ አያነሳም። ፍርድ ቤቱ ተዘግቷል፣ “ሰኞ ይታያል” ይባላል። ጣቢያው ለልጅ የተለየ ክፍል ከሌለው የት ይደር? እስከ ሰኞ ከእነማን ምን ተምሮ እንደሚወጣ እዚህ ያላችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ።

ከጣቢያ ማስወጣቱ ብቻ ግን አይበቃም። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ፣ ታገሡኝ። ሽምግልና አለን ብለን እንኮራለን። እውነት ነው፣ አለን። ግን ብዙ ጊዜ ምን ይሆናል? ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ አባት ይቅርታ ይጠይቃል፣ አባት ይከፍላል። ልጁ ጥግ ይዞ መሬት መሬት ያያል። ትንፍሽ አይልም። የታረቁት ትልልቆቹ ናቸው።

ዘንድሮ የገጠመንን ላንሳ። አንድ የ14 ዓመት ልጅ የአንዲት የጉሊት ነጋዴ ስልክ ላፍ አድርጎ ሸጠው። አባትየው ብሩን ቆጥሮ ይዞ መጣ። ሴትዮዋ ግን “ቆይ፣ መጀመሪያ እሱ ይስማኝ” አሉ። የዱቤ ደንበኞቻቸው ቁጥር ሁሉ ያለው ስልኩ ውስጥ ነበር። ማን ስንት እንዳለበት በቃላቸው ያውቃሉ፤ ደውለው መጠየቅ ግን አልቻሉም። ልጁ ይሄ ጨርሶ አልመጣለትም ነበር። ስምምነቱ ከዚያው ወጣ። ጠዋት ከትምህርት በፊት ቲማቲምና ሽንኩርታቸውን መደብ ላይ ይደረድራል። ዱቤ ያለባቸውንም ቤት ለቤት እየዞረ ያስታውሳል። ይሄኛው የራሱ ሐሳብ ነው። አንዳንዶቹ በር ላይ ጮኹበት፣ ችሎ ተመለሰ።

ኒውዚላንዶች እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጡት ሕግ ልጁ፣ ቤተሰቡና ተበዳዩ አብረው ተቀምጠው የሚመክሩበትን ጉባኤ የፍትሕ ሥርዓታቸው አካል አድርገውታል። ከአገሩ ነባር ሕዝብ ከማኦሪዎች ልማድ ብዙ ወስደዋል። እኛም ከራሳችን ልማድ መውሰድ አያቅተንም፤ የልጁንና የተበዳዩን አፍ እስካልዘጋን ድረስ።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይታወቅ። የተደፈረች ልጅን ጉዳይ ይዞ “በሽማግሌ ይለቅ” የሚል ሰው በራችንን አያንኳኳ። አጥፊው ልጅ ቢሆንም ጉዳዩን ፍርድ ቤት ይየው። ልጁን እንከታተላለን፣ ዕርቅ ግን አናደራጅም። በሌላውም ጉዳይ የግል ተበዳይ “አልፈልግም” ካለ አለቀ። አማላጅ አንልክም፣ ጎረቤት አናስለምንም።

ከሻይ በኋላ ዋናው አጀንዳችን የዓርብና የቅዳሜ ማታ ተራ ነው። ከጣቢያ ሲደወል ብድግ ብሎ የሚሄድ፣ ወላጅ የሚያፈላልግ ሰው እንፈልጋለን። አበል የለውም፣ የታክሲ እንሸፍናለን። መመዝገቢያው መግቢያው ጋ ጠረጴዛ ላይ አለ። ጡረታ የወጣችሁ መምህራን፣ ዓይኔ እናንተ ላይ ነው።

ጉባኤያችን መከፈቱን አበስራለሁ። አመሰግናለሁ።