ኤረር ሎግን ከአክሰስ ሎግ ጋር ማዛመድ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አፓቺ በተባለው የድረ ገጽ ሰርቨር ሶፍትዌር ላይ የሚሠራ ድረ ገጽ የሚያስተዳድሩ አድማጫችን፣ «ኤረር ሎግ (የሰርቨሩ የስህተት መዝገብ) ላይ ስህተት ባየሁ ቁጥር በሰዓቱ ተመርቼ አክሰስ ሎጉን (ወደ ድረ ገጹ የመጡ ጥያቄዎች መዝገብ) እፈትሻለሁ፤ በዚያች ሰከንድ የማገኘው ሪኩዌስት (ከጎብኚ የመጣ ጥያቄ) ግን ከስህተቱ ጋር አይገናኝም። ምን አጥፍቼ ነው?» ሲሉ ጠይቀዋል።

መልስ፦ ያጠፉት ነገር የለም፤ ሁለቱ ሎጎች የሚይዙት ሰዓት ይለያያል። አፓቺ በአክሰስ ሎግ ላይ የሚያሰፍረው ሪኩዌስቱ የደረሰበትን ሰዓት ነው፤ መስመሩን የሚጽፈው ግን ምላሹ ካበቃ በኋላ ነው። ኤረር ሎግ በአንጻሩ ስህተቱ የተመዘገበበትን ቅጽበት ይይዛል። ከጀርባ ያለው ፕሮግራም መልስ ሳይሰጥ ቀርቶ ሰርቨሩ በነባሪ የተቀመጠውን 60 ሰከንድ ጠብቆ ቢያቋርጥ፣ ኤረር ሎጉ 10:15:42 ሲል የዚያው ሪኩዌስት አክሰስ መስመር 10:14:42 ይላል። ጎብኚ በሚበዛበት ድረ ገጽ በዚያች አንድ ደቂቃ ውስጥ እጅግ ብዙ መስመር ይገባል። በአይፒ አድራሻ ማጣራትም አያስተማምንም፤ በሞባይል ኢንተርኔት የሚገቡ በርካታ ሰዎች አንድ አድራሻ ሊጋሩ ይችላሉና።

ስለዚህ በግምት ማዛመዱን ትተው ሁለቱም መስመሮች አንድ መለያ እንዲይዙ ያድርጉ። በአፓቺ 2.4 የፐርሰንት ምልክትንና ትልቁን የላቲን ፊደል ኤል አያይዘው በሎግ ፎርማትም ሆነ በኤረር ሎግ ፎርማት ትእዛዝ ውስጥ ካስገቡ፣ ያው መለያ በሁለቱም ፋይሎች ላይ ይወጣል። ምንም ስህተት ያልተመዘገበበት ሪኩዌስት በአክሰስ ሎጉ ላይ በመለያው ቦታ ሰረዝ ብቻ ይይዛል። ይህን አሠራር በጣም እወደዋለሁ፤ በመለያው ቦታ ሰረዝ የሌላቸውን መስመሮች ብቻ በመለየት የትኞቹ ገጾች ስህተት እንዳስነሡ ወዲያውኑ ማየት ይቻላል። መለያው ቀድሞ በተጻፉ መስመሮች ላይ ስለማይገባ፣ እባክዎን ችግር እስኪፈጠር ሳይጠብቁ ዛሬውኑ ያስገቡት።

ጥያቄ፦ ሌላ አድማጭ፣ ሌላው የድረ ገጽ ሰርቨር ሶፍትዌር በሆነው በኤንጂንኤክስስ እንዴት እንደሚደረግ ጠይቀዋል።

መልስ፦ ኤንጂንኤክስ የኤረር ሎጉን ቅርጽ እንድንቀይር አይፈቅድም፤ ሆኖም በስህተቱ መስመር ላይ ከኮከብ ምልክት ቀጥሎ የሚታየው ቁጥር የኮኔክሽኑ (ጎብኚው ከሰርቨሩ ጋር የከፈተው ግንኙነት) ተራ ቁጥር ነው። ይህንኑ ቁጥር የሚይዘውን የኮኔክሽን ተለዋዋጭ (ቫሪያብል) በአክሰስ ሎግ ፎርማትዎ ውስጥ ይጨምሩ። በአንድ ኮኔክሽን ብዙ ሪኩዌስቶች ሊያልፉ ስለሚችሉ ግን ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም፤ የስህተቱ መስመር ብዙውን ጊዜ የተጠየቀውን አድራሻ ጭምር ስለሚጽፍ፣ እሱንም አብረው ያመሳክሩ።