ሊሾውና ጥዱ

እሺ... እየቀዳ ነው መሰለኝ። ዶሮው ዛሬም አለ። ከጮኸ ቻሉት፣ ታውቁታላችሁ።

ላወራ ያሰብኩት ሌላ ነገር ነበር። ግን ይሄ የሊሾ ጉዳይ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። አከራዬ እማማ ግቢውን ሊሾ ሊያስደርጉ ነው ብያችሁ አልነበር? ተጀመረ። ግንበኛው ከበሩ ጀምሮ ሲባጎውን ወጥሮ ወጥሮ ጥዱ ጋ ደረሰ። "የት ላይ ላቁም?" አላቸው። እማማ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው "እስከ ግንዱ" አሉ። "አፈር የሚባል እንዳላይ።"

እኔ በረንዳ ላይ ነኝ። ተከራይ ነኝ፣ ምን አገባኝ? ግን አፌ ቀደመኝ። "እማማ፣ ሥሩ ይታፈናል" አልኩ።

ዞር ብለው አዩኝ። "ሥሩ ታች፣ ሊሾው ላይ። ምን አገናኛቸው?"

አነጋገራቸውን ስሙት እስኪ። ዳኛ ፊት ብትቆም የምታሸንፍ ንግግር ናት። ነገሩ ግን እንደዛ አይደለም። የጥድ አብዛኛው ሥር ወደታች አይገባም። ውኃና ምግብ የሚስበው ቀጫጭኑ ሥር ከላይኛው ግማሽ ሜትር አፈር ውስጥ ነው ያለው። ከቅርንጫፎቹ ጥላም አልፎ ይሄዳል። አየር ይፈልጋል። ከላይ ሲሚንቶ ስታፈስበት ዝናቡም አየሩም ቀረ። ደግሞ በአንድ ቀን አይደርቅም። ቀስ እያለ ነው፣ ከዓመታት በኋላ "ምን ነካው?" የምትለው።

ይህን ሁሉ አስረዳሁ። ግንበኛው ሲባጎውን እንደያዘ ይሰማል። እማማ ዝም ብለው ቆዩና "እኔ ስወድቅስ?" አሉኝ።

...

ባለፈው ክረምት እጃቸውን በሻሽ አንጠልጥለው እንደከረሙ ታስታውሳላችሁ። ያንሸራተታቸው ያው ቅጠሉ ነው። እርጥብ የጥድ ቅጠል ሳሙና በሉት።

በነገራችን ላይ "ያንተ ጥድ የትኛው ነው?" የምትሉኝ አላችሁ። እዚህ ባሕር ዳር በየግቢው አጥር የሚደረገው የፈረንጅ ጥድ አይደለም። የዚያ ቅጠል ቅርንጫፉ ላይ እንደ ቅርፊት ልጥፍ ያለ ነው። የኛው ረጅም፣ ቀጭን፣ ወደታች የተንጠለጠለ ነው። አንዱን ዘለላ ብትነቅሉት አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሦስት ሆኖ ይወጣል። ፓቱላ የሚባለው የጥድ ዓይነት ነው። አገሩ የሜክሲኮ ተራራ፣ ጭጋግና ቅዝቃዜ የለመደ። እዚህ የጣና ዳር ሙቀት ላይ ማን እንዳመጣው እንጃ። ለዚህ ከተማማ ዘንባባ ነበር።

እና ይሄ ዛፍ ከውስጥ በኩል ቢጫ እየሆነ ይረግፋል። እማማ ሁሌ "ታሟል" ይላሉ። አልታመመም። ከግንዱ አጠገብ ያለው አሮጌ ቅጠል ዕድሜው ሲያልቅ መውደቁ ነው። የሚያሰጋው ጫፉ ላይ ያለው አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሲሆን ነው። አንዴ እንዲያውም አንድ ሰውዬ መጋዝ ይዞ መጣ። "አናቱን ልቁረጥላችሁ፣ እንደገና ያቆጠቁጣል" አለ። ባሕር ዛፍ መስሎት! ባሕር ዛፍ ከጉቶው ይነሳል። ፓቱላ ግን ቅጠል የሌለው እንጨት ላይ ከቆረጡት እዚያው ላይ ቀረ ማለት ነው። ያን ቀን እማማ ራሳቸው ናቸው ያባረሩት! ለዚህ ነው ግራ የሚገባኝ።

ደግሞ የዘጌ ልጅ ናቸው እኮ። "እማማ፣ ዘጌ ላይ ዛፍ ሥር ሊሾ ያደረገ አለ?" አልኳቸው። እዚያ ቡናው እንዳለ የሚያድገው በዛፍ ጥላ ሥር ነው፣ የረገፈው ቅጠል እዚያው አፈር ይሆናል። መልስ ያጣሉ ብዬ ነበር።

"ዘጌ ላይማ ልጅ ነበርሁ" አሉኝ። "ብወድቅ እነሳ ነበር።"

ምን ትላላችሁ ታዲያ? እኔ ምንም አላልኩም።

እና እያሰብኩት ነበር። እኔ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ነፋስ ሲመጣ ድምፁን እሰማለሁ፣ ደስ ይለኛል፣ አለቀ። ጠዋት ጠዋት ጎንበስ ብለው የሚጠርጉት እሳቸው ናቸው። ለከሰል ማቀጣጠያ ይሆናል ይላሉ፣ እውነትም ቶሎ ይያያዛል። "እዚያው ሥሩ ይተውት፣ እርጥበት ይይዝለታል" ማለት ለኔ ቀላል ነው። ተንሸራትቼ የምወድቀው እኔ አይደለሁ።

ለነገሩ... አይ፣ እሱም ሙሉ በሙሉ ልክ አይደለም። ጥላው የሁላችንም ነው።

በመጨረሻ የገላገለን ግንበኛው ነው። "አንድ ክንድ ዙሪያውን ልተው" አለ። እማማ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንድ ክንድ! ለዚያን ለሚያህል ዛፍ! እኔ ድንጋይ ያለ ሲሚንቶ በአሸዋ ላይ ይነጠፍ፣ ውኃ በመሃሉ ይገባል ብዬ ነበር። "የዋጋውን ልዩነት ማን ይችላል?" አሉኝ።

አሁን ሊሾው እንዳይሰነጠቅ በቀን በቀን ውኃ እያጠጡት ነው። ሁሉም ፈስሶ ያቺ ክንድ ውስጥ ይገባል። ጥድ ደግሞ ውኃ ሲተኛበት ሥሩ ይበሰብሳል። ይህንንም ልንገራቸው? ሁለተኛ አፌን ልክፈት?

ድንጋዩን እኔ እችላለሁ ልላቸውም አስቤ ነበር። የቀረውን ግማሽ ግቢ እንኳ። ግን የሰው ግቢ ላይ... ደግሞ ገንዘብ አለው ብለው ኪራይ ቢጨምሩስ? እንጃ። እስኪ ነገ ጠዋት ሲጠርጉ... አይ፣ ጠዋት ጥሩ አይደለም። ከቡና በኋላ...