ጠዋት እምቢ፣ ማታ እሺ የሚል ፍሬን

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ከኋላ የምትሰሙት የቆርቆሮ ድምፅ ዝናቡ ነው፤ እስኪያባራ ልጠብቅ ብል የዛሬው ዝግጅት አይቀረጽም።

ወሬያችን ስለ ፍሬን ነው። የመኪና ፍሬን። ብዙ ሰው ጠዋት ተነስቶ ስለ ፍሬኑ አያስብም፣ ማሰብም የለበትም። እኔ ግን ሰሞኑን ከዚህ ሌላ ሐሳብ የለኝም።

መኪናዬ ኤሌክትሪክ ናት። ገና አዲስ ናት ማለት ይቻላል፣ የወንበሩ ላስቲክ እንኳ በቅርቡ ነው የተነሳው። በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ሲባል፣ ብዙዎቻችን ከቪትዝና ከኮሮላ ወርደን በቀጥታ እነዚህ ላይ ወጣን። ስንገዛ የምንጠይቀውም የሚነገረንም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ “አንዴ ከሞላች ስንት ኪሎሜትር ትሄዳለች?” እንዴት እንደምትቆም የጠየቀ ሰው አላየሁም።

ችግሩ እንዲህ ነው። ቤቴ ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ ነው። ጠዋት ከግቢ ወጥቼ ቁልቁለቱን ስይዝ፣ እግሬን ከነዳጅ መስጫው ሳነሳ (ነዳጅ ባይኖርም ነዳጅ መስጫ ነው የምንለው መቼስ) መኪናዋ አትያዝም። ዝም ብላ ትወርዳለች። ፍሬን ስረግጥ ትቆማለች፣ አትቆምም አልልም፤ ግን ከለመድኩት በላይ ጠንክሬ መርገጥ አለብኝ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ያው ፔዳል፣ ገና ጫማዬ ሲነካው፣ ቀጥ ያደርጋታል። እናቴ ከኋላ ተቀምጣ “ኧረ ቀስ በል፣ አንገቴን ሰበርከው!” ያለችኝ በዚህ ሰዓት ነው። ጠዋት አብራኝ ብትሆን የምትለው ሌላ ነበር።

የሸጠኝ ሰው ጋ ደወልኩ። “አዲስ ስለሆነች ነው፣ እግርህ ሲለምዳት ይስተካከላል” አለኝ። ይህቺ አነጋገር ታናድደኛለች። አዲስ ጫማ ሲለመድ ይሰፋል እሺ፤ ፍሬን ግን በልምምድ የሚስተካከል ነገር አይደለም። አዲስ ዲስክ (ከጎማው ጋር የሚዞረው ብረት) እና እሱን የሚጨምቀው አዲስ ሸራ መጀመሪያ ላይ እስኪገጣጠሙ ትንሽ ይለግማሉ፣ ይሄ እውነት ነው። ነገር ግን እሱ ቢሆን ኖሮ ጠዋትም ማታም ይለግም ነበር። የሰዓት ምርጫ አያውቅም።

ሰፈር ያለ አንድ ጋራዥ ሄድኩ። መካኒኩ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ የነዳጅ መኪና ሲፈቱ ሲገጥሙ የኖሩ። ኤሌክትሪክ ናት ስላቸው ፊታቸውን ያጨማድዳሉ ብዬ ነበር። “ጋሼ፣ ፍሬኗ አንድ ቀን እንዲህ፣ አንድ ቀን እንዲያ ነው” አልኳቸው። ገብተው ተቀመጡ። መኪናዋ ቆማ ሳለ ፔዳሉን ረግጠው ያዙ፤ ዝም ብለው፣ ረጅም ጊዜ፣ ዓይናቸው መሪው ላይ። “አይሰምጥም” አሉ። እየሰመጠ ቢሄድ ወይ የሆነ ቦታ ዘይት ያፈሳል፣ ወይ ማስተሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ) ለቋል ማለት ነው። ከዚያ ደጋግመው ረገጡ፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ፔዳሉ ከፍ እያለ ቢመጣ አየር ገብቶበታል። ከፍ አላለም። የፍሬን ዘይቱን ዕቃ በባትሪ መብራት አዩ፣ ሙሉ ነው። ጎማዎቹን እየዞሩ በእጃቸው ጀርባ ቀረብ አድርገው ሙቀታቸውን አመዛዘኑ፤ አንዱ ብቻውን ቢግል ሸራው ይዞ አልለቅም ብሏል። አንዱም ብቻውን አልጋለም። ከዚያ ጠየቁኝ፦

“የኔ ልጅ፣ ቻርጅ የምታደርጋት የት ነው?”

“ቤት፣ ማታ ማታ።”

“እስከ ስንት?”

“እስኪሞላ። መቶ።”

ሳቅ አሉና “እንግዲህ ፍሬኗን ተዋት፣ ባትሪዋን ጠይቃት” አሉኝ። ሒሳብም አልተቀበሉኝም፤ “ምን ሠራሁና!” ብለው።

ነገሩ ይሄ ነው። ኤሌክትሪክ መኪና ሁለት ፍሬን አላት። አንዱ የምናውቀው ነው፤ ሸራ ዲስክን ጨምቆ፣ ፍጥነቱን ሙቀት አድርጎ የሚያቆማት። ሌላው ራሱ ሞተሩ ነው። እግራችሁን ስታነሱ ሞተሩ ወደ ጄነሬተርነት ይለወጥና የመኪናዋን ጉልበት መልሶ ወደ ባትሪ ይልካል፤ ይሄን ሲያደርግ መኪናዋን ወደ ኋላ ይጎትታታል። በከተማ ውስጥ አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራው ይሄኛው ነው። ባትሪው ጢም ብሎ ከሞላ ግን የሚመጣውን ጉልበት የት ያስቀምጠዋል? አይቀበልም። ባትሪው በጣም ሲቀዘቅዝም እንደዚሁ። ያኔ የሞተሩ ፍሬን ይጠፋል፣ ሥራው በሙሉ ሸራው ላይ ይወድቃል። በደንብ በተሠራ መኪና ኮምፒውተሩ ሁለቱን እያመዛዘነ እግራችሁ ልዩነቱን እንዳያውቀው ያደርጋል። ርካሽ በሆነው ላይ ወይም ቅንብሩ ባልተጨነቀበት ላይ፣ እግር ያውቀዋል።

ምን ያህል ጉልበት ነው የምናወራው? ከእንጦጦ ማርያም እስከ አራት ኪሎ 500 ሜትር ያህል ቁልቁለት በሉት። 1,700 ኪሎ የምትመዝን መኪና ይቺን ያህል ስትወርድ 2.3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ትለቃለች። 3.5 ኪሎዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ 40 ደቂቃ ሲጣድ የሚበላው ነው። ባትሪው እንቢ ካለ የነፋስና የጎማ መጎተት ከሚወስዱት የተረፈው ሙቀት በሙሉ አራት ዲስኮች ላይ ነው የሚያልቀው። የኔ ቤት ግማሽ መንገድ ላይ ስለሆነ የኔ ድርሻ ግማሽ ምጣድ ነው።

ሌላም አለ፣ ይሄኛው ከባትሪ ጋር አይገናኝም። ቀስ ብዬ ፍሬን ይዤ ጉድጓድ ላይ ስወጣ፣ ለቅጽበት መኪናዋ የተለቀቀች ትመስላለች። ሆድን ባር ባር ታደርጋለች፣ የነዳችሁ ታውቁታላችሁ። የሞተሩ ፍሬን የሚሠራው ሞተሩ በሚያሽከረክራቸው ጎማዎች ላይ ብቻ ነው። ጎማው ጉድጓድ ላይ ሲዘል መሬት ይለቃል፣ መንሸራተት ሲጀምር ኮምፒውተሩ የሞተሩን ፍሬን ቆርጦ ለሸራው ያስረክባል። ርክክቡ ላይ ያለችው ክፍተት ናት የምትሰማችሁ።

ይሄ ደግሞ የቻይና መኪና ጣጣ ብቻ አይደለም፣ ይሄን የምለው የሚሰድቡትን ስለምሰማ ነው። በፈረንጆቹ 2010 ፌብሩዋሪ ላይ ቶዮታ፣ ያው የምናመልከው ቶዮታ፣ አብዛኞቹ ፕሪየስ የሆኑ ከ430,000 በላይ ሃይብሪድ (በነዳጅም በኤሌክትሪክም የሚሄዱ) መኪኖችን የጠራው ለዚሁ ነው። ሰዎች ጎርበጥባጣ ወይም የሚያንሸራትት መንገድ ላይ ቀስ ብለው ሲይዙ ፍሬኑ ወጥ አይደለም እያሉ አቤት አሉ። መፍትሔው የተቀየረ ሸራ አልነበረም፤ የኤቢኤሱን (ጎማው ተቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚያደርገውን) ሶፍትዌር ነው ያስተካከሉት። በፈረንጆቹ 2018 ደግሞ ኮንስዩመር ሪፖርትስ የተባለው ዕቃ የሚፈትን የአሜሪካ ድርጅት ቴስላ ሞዴል 3ን ሲፈትን በሰዓት ወደ 97 ኪሎሜትር ከምትሄድበት ለመቆም 46 ሜትር ፈጀባት። ቴስላ በኢንተርኔት ማሻሻያ ላከ፣ ወደ 41 ሜትር ወረደ። አንድ ብሎን አልተነካም! ስሰማው ደስም አለኝ፣ ከፋኝም። እኔ ማሻሻያ ማን ይልክልኛል? አስመጪውን ብጠይቀው “እሱ እዚያው ለቻይና ነው” አለኝ። ስክሪኔ ራሱ ቻይንኛ ነው፤ በስልኬ ካሜራ እያስተረጎምኩ ነው የሞተሩን ፍሬን ማጥበቂያና ማላሊያ ያገኘሁት።

ክረምቱን ደግሞ አትርሱት። መኪናዋ ዝናብ ላይ ሁለት ሦስት ቀን ከቆመች ዲስኩ ቀላ ያለ ዝገት ይይዛል። በነዳጅ መኪና ሁለት ሦስቴ ስትረግጡት ይጠረጋል። በኤሌክትሪኳ ግን ሸራው ብዙ ስለማይሠራ ዝገቱ ይሰነብታል፤ መጀመሪያ ሲረገጥ ያንቋርራል፣ ይይዛል፣ ይለቃል። ፎልክስቫገን አይዲ 4 ላይ የኋላውን ፍሬን ታምቡር (ሸራው በዲስክ ፈንታ በተዘጋ ከበሮ ውስጥ የሚሠራበት) ያደረገው ሲሰስት ነው የሚል ሰው አለ። እኔ አልስማማም። ታምቡር ዝግ ስለሆነ ውኃና ጭቃ እንደ ዲስክ አያገኘውም፣ ለእንዲህ ዓይነት መኪና ያስኬዳል።

የድሮዋ ኮሮላዬ ፍሬኗ ጎበዝ አልነበረም። ግን ሁልጊዜ በዚያው ልክ ነበር ደካማ፤ ከፊቴ ካለው ሚኒባስ ምን ያህል መራቅ እንዳለብኝ እግሬ ሳያስብ ያውቀው ነበር። የአሁኗ በወረቀት ስትለካ ከሷ በብዙ ትበልጣለች፣ ባጭር ቦታ ትቆማለች። ቢሆንም የሚቀያየር ጎበዝ ፍሬን ከማይቀያየር ደካማ ፍሬን ይልቅ ያደክመኛል። አምራቾቹ ላይ ያለኝ ቅሬታም እዚህ ላይ ነው። ባትሪው ሲሞላ የሞተሩ ፍሬን እንደሚጠፋ መኪናዋ ታውቃለች። ስንት ዓይነት መብራት ከፊቴ ታበራለች፤ ወንበር ልሙቅልህ ትለኛለች። “ዛሬ ጠዋት ጠንክረህ ርገጥ” የምትል አንዲት መስመር ምን ነበረባት?

አሁን እስከ 90 ነው የምሞላው። 50 ኪሎዋት ሰዓት በሚይዝ ባትሪ ላይ 10 ፐርሰንት 5 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ ለኔ ቁልቁለት ይተርፋል። ጠዋትና ማታ ፔዳሉ አንድ ሆኗል። ብዙዎቹ የቻይና መኪኖች የያዙት ሊትየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ግን አልፎ አልፎ እስከ 100 እንዲሞላ ይመከራል፤ እሱን ታች ሥራ ቦታ አደርገዋለሁ፣ ሽቅብ ልመለስበት። ዝናብ ላይ ከቆመች በኋላም መንገዱ ባዶ ሲሆን ጠንከር አድርጌ እረግጣታለሁ፣ ዲስኩ እንዲጠረግ።

አንድ ነገር ግን። ፔዳሉ ቆማችሁ እየሰመጠ ከሄደ፣ ስትደጋግሙት ከፍ ካለ፣ መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ከሳበች፣ ወይም ቀዩ የፍሬን መብራት ከበራ፣ እኔ ያወራሁት ሁሉ እናንተን አይመለከትም። አትንዷት፤ መካኒኩን ወደ እሷ አምጡት።

በሉ፣ ዳገት ላይ የምትኖሩ ጻፉልኝ፤ መኪናችሁ ምን እንደሆነች፣ ባትሪው ስንት ፐርሰንት ላይ እንደነበር፣ ፔዳሉ ምን እንዳደረገ። ከደሴና ከጎንደር የምትሰሙኝን በተለይ እጠብቃለሁ። ደህና ሰንብቱ።