ዋንዛን ከዋርካ አትቀላቅሉት

ሰላም ሰላም! ዛሬ ተራው የዋንዛ ነው።

መጀመሪያ አበባው። ታጥቦ ያልተተኮሰ ነጠላ አስቡ። ነጭ፣ ስስ፣ ጭምድድ ያለ። አዎ፣ የዋንዛ አበባ ልክ እንደዚያ ነው! ከታች ጠበብ፣ ከላይ ሰፋ ያለ፣ እንደ ጥሩምባ አፍ። እና ዛፉ ሙሉ በሙሉ ሲያብብ? ነጠላውን አጣፍቶ ለጥምቀት የወጣ ሕዝብ ነው የሚመስለው። ከዚህ የሚያምር ዛፍ የለም፤ እኔ በዚህ አልደራደርም። ንቡም ይወደዋል። አበባው ሲደርቅ ቡናማ ይሆንና ወዲያው ሳይረግፍ ቅርንጫፉ ላይ ይቆያል።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበለው። ሳይንሳዊ ስሙ ኮርዲያ አፍሪካና፣ በኦሮምኛ ዋደሳ። በጫካ ውስጥ እስከ 30 ሜትር ይደርሳል። በደቡብ ምዕራብ የቡና ጥላ ነው።

ቆይ፣ ይህን ሳልመልስ አላልፍም። ብዙዎቻችሁ «ዋንዛና ዋርካ አንድ አይደሉም ወይ?» ትላላችሁ። አይደሉም! በፍጹም አይደሉም! ቅርንጫፉን ጫር አድርጉት፤ ነጭ ወተት ከወጣው ዋርካ ነው። ዋንዛ ወተት የለውም። ፍሬውንም ክፈቱት። የዋርካው ውስጡ በጥቃቅን ፍሬ የተሞላ ነው፤ ሾላን አስቡ። የዋንዛው ቢጫ፣ ጣፋጭ፣ እጅ ላይ የሚጣበቅ ሥጋ ነው፤ መሃሉ ላይ አንድ ጠንካራ ድንጋይ አለው። የሚያጣብቀው ሥጋ ወረቀትም ይለጥፋል።

እንጨቱስ? ከበሮ፣ ሙቀጫ፣ በር፣ ወንበር። ጣውላ ስትገዙ የውስጡን ቀላ ያለውን ምረጡ፤ ዳር ዳሩ ያለው ነጣ ያለው ክፍል ቶሎ ይነቅዛል። እርጥቡን ጣውላ ፀሐይ ላይ አትጣሉት፣ ይጣመማል። ጥላ ውስጥ፣ በየመሃሉ ቀጫጭን እንጨት እያስገባችሁ ደርድሩት፤ አየር ይዙርበት።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር። ስለዚህ እንትከል! ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉና ወደ ሥራው እንግባ።

የበሰለ ፍሬ ሰብስቡ፣ ውኃ ውስጥ አሳድሩት፣ በአሸዋ አሽታችሁ ሥጋውን በደንብ አስለቅቁት፤ ከቀረ ይሻግታል። ጥላ ውስጥ አድርቁና ዝሩት። ከዚያ ትዕግሥት! ለመብቀል ከ40 እስከ 60 ቀን ሊወስድበት ይችላል። ብዙ ሰው በወሩ «ሞቷል» ብሎ አፈሩን የሚደፋው እዚህ ላይ ነው። አትድፉ፣ አጠጡ። ከአንድ ድንጋይ ሁለት ሦስት ቢበቅልም አትደንግጡ፤ ውስጡ እስከ አራት ዘር ይይዛል። ጠንካራውን አስቀሩ፣ ሌላውን ሥሩን ሳትነኩ በጥፍራችሁ ቁረጡት።