እስከ በረካ

ሰላም፣ ጤና ይስጥልኝ። እንኳን በደህና መጣችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ስለ እናቴ እጆች ልነግራችሁ ነው።

እናቴ እንጀራ ጋግራ ነው ያሳደገችን። ለሰፈር ሰው፣ ለሁለት ምግብ ቤቶች። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ትነሳለች። እኛ ለትምህርት ቤት ስንነሳ እሷ ግማሹን ጨርሳለች። የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ አክንባሎ ማንሳት አቃታት። ለማንም አልተናገረችም። እኔ ያወቅኩት አንድ ጠዋት ቀሚሷን እንድቆልፍላት ስትጠይቀኝ ነው። እናቴ ደግሞ ሰው አልብሱኝ የምትል ሴት አይደለችም። እጇን ያዝኩት። ሁለቱም አንጓዎቿ አብጠዋል። ይሞቃሉ። ጣቶቿ መሀላቸው ወፍሯል።

"ብርድ ነው" አለችኝ። ጎረቤቶቹም ብርድ ነው አሉ። ከትኩስ ምጣድ ተነስታ ቀዝቃዛ ውሃ ስለምትነካ ነው ተባለ። እውነት ይመስላል፤ እኔም አመንኩ። ወጌሻ ጋ ሄዳ ታሸች፤ ይበልጥ አበጠ። ጸበሏንም ጠጣች። በመጨረሻ እኔ ፋርማሲ ሄድኩ። "እናቴን ቁርጥማት ይዟት ነው" አልኩ። ማዘዣ አልጠየቁኝም። ትንንሽ ክኒኖች ሰጡኝ። ፕሬድኒሶሎን ነበር።

በሦስተኛው ቀን እናቴ ተነስታ ሊጥ አቦካች። "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ለቀቀኝ" አለች። እኔ አለቀስኩ።

በዚያ ክኒን የተታለልነው እኛ ብቻ እንዳልሆንን ያወቅኩት በኋላ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1948 አሜሪካ ውስጥ ማዮ ክሊኒክ፣ ፊሊፕ ሄንች የሚባል ሐኪም ኮርቲዞን የሚባል መድኃኒት በዚሁ በእናቴ በሽታ ለተያዘች ወጣት ሴት ሰጠ። መራመድ አቅቷት የነበረችው ሴት በቀናት ውስጥ ተነስታ ሄደች። ሄንችና ሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች በ1950 ኖቤል ተሸለሙ። ግን መድኃኒቱ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የሚያመጣው ጣጣም ብዙ ሳይቆይ ታየ። የእናቴ ክኒን የዚያው ዘመድ ነው። እብጠቱን ያበርዳል። በሐኪም እጅ፣ ለአጭር ጊዜ፣ ጥሩ መድኃኒት ነው። እኔ ግን በየወሩ እየገዛሁ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሰጠኋት። ፊቷ ክብ ሆነ። ስኳሯ ከፍ አለ። መገጣጠሚያዋ ደግሞ ውስጥ ውስጡን መበላቱን አላቆመም። ይህን ስናገር አሁንም ይከብደኛል።

ጤና ጣቢያ ያለ አንድ ወጣት ሐኪም ነው ያተረፈን። ለስኳሩ ሄደን ሁለቱንም እጆቿን ጎን ለጎን አስቀምጦ አየና ሪፈር ጻፈልን። ሩማቶሎጂ ክሊኒክ፣ የመገጣጠሚያ በሽታ የሚታይበት። ቃሉን የሰማሁት ያን ቀን ነው። የዚህ ሙያ ስፔሻሊስቶች በአገራችን በጣም ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም አዲስ አበባ ውስጥ ናቸው። ቀጠሮው ወራት ፈጀ።

ሐኪሟ እናቴን ፊት ለፊት አስቀመጠቻት። ወረቀት ከማየቷ በፊት እጇን ያዘች። ከትከሻ ጀምራ፣ ክርን፣ አንጓ፣ የጣት መገጣጠሚያዎችን፣ ከዚያ ጉልበት፣ አንድ በአንድ ተጫነች። 28 ቦታ ነው። ያበጠውንና የሚያመውን ለየብቻ ትቆጥራለች። ከዚያ እንዲህ አለቻት።

"እማማ፣ ጠዋት ሲነሱ እጅዎ እስኪፍታታ ስንት ሰዓት ይፈጃል?"

ያን ሁሉ ጊዜ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅኳትም።

"ሰዓት አላይም ልጄ" አለች እናቴ። "ግን አቦሉን በሁለት እጄ ነው የምይዘው። ቶናውንም እንደዚያው። በረካው ላይ ነው እጄ የሚመለስልኝ።"

ሐኪሟ ፈገግ አለች። ቡናው ስንት ሰዓት እንደሚፈላ፣ በረካው ስንት ሰዓት እንደሚወርድ ጠየቀች። አሰላችና ካርዱ ላይ ጻፈች። ሁለት ሰዓት።

ለካ ይህ ጥያቄ ብዙ ነገር ይለያል። እኛ ሁሉንም ቁርጥማት ወይም ሪህ እንላለን። ውስጡ ግን የተለያየ በሽታ ነው። በዕድሜ ብዛት መገጣጠሚያ ሲያረጅ ጠዋት ላይ ያለው መተሳሰር አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አያልፍም፤ ሕመሙ የሚብሰው ሥራ ተሠርቶ ሲመሽ ነው። ደም ውስጥ የሚከማች ዩሪክ አሲድ የሚያመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ በድንገት፣ ሌሊት፣ የእግር አውራ ጣት ላይ ይነሳል። የእናቴ ሩማቶይድ አርትራይተስ ነው። ሰውነትን የሚጠብቀው ኃይል ተሳስቶ የመገጣጠሚያውን ውስጠኛ ሽፋን ያጠቃል። ሴቶችን ከወንዶች ሁለት ሦስት እጥፍ ይይዛል። እብጠቱን የሚያባብሱት ንጥረ ነገሮች ደም ውስጥ ከፍ የሚሉት ሌሊቱ ወደ ንጋት ሲቃረብ ነው። ጠዋት የሚብሰው ለዚህ ነው። እኛ ግን የንጋት ብርድ ነው ስንል ነበር።

ከዚያ የደም ምርመራ፣ የእጅ ራጅ፣ የደረት ራጅ ታዘዘ። የደረቱ ለቲቢ ነው። የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ይታያል። እንደ ፈረንጆቹ በ1998 አካባቢ የወጡት በመርፌ የሚሰጡ አዳዲስ መድኃኒቶች ላይማ ይህ ጥንቃቄ ይብሳል። ለእነሱ ግን እንደኛ ያለ ቤተሰብ አቅሙ የለውም።

የእናቴ መድኃኒት ሜቶትሬክሴት ነው። ስለ ሲስተሯ መናገር የምፈልገው እዚህ ላይ ነው። ይህ መድኃኒት ለዚህ በሽታ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በየቀኑ የወሰደ ሰው የደም ሴሎቹ ሊያልቁ፣ ሊሞትም ይችላል። ሲስተሯ ይህን ነግራን አልሸኘችንም። "እማማ፣ የትኛው ቀን ይመችዎታል?" አለቻት። ረቡዕና ዓርብ ጾም መሆኑን ራሷ አነሳች። እናቴ እሁድን መረጠች። ከቅዳሴ መልስ፣ በልታ። ሲስተሯ ፓኮው ላይ በቀይ እስክሪብቶ "እሁድ ብቻ" ብላ ጻፈች። የመድኃኒቱን ጉዳት የሚቀንሰውን ቫይታሚን፣ የፎሊክ አሲዱን ቀን ለየችላት። ከዚያ "እስቲ አሁን እርስዎ ይንገሩኝ" አለቻት። እናቴ ደገመችላት። አጠገባችን የነበረችውን ወጣት ሴት ደግሞ ማርገዝ ታስብ እንደሆነ ጠየቀቻት። መድኃኒቱ ጽንስን ስለሚጎዳ ነው። እኔ ብዙ ሐኪም ቤት ተመላልሻለሁ። እንደዚያ ቀን የተከበርን አይመስለኝም።

ፕሬድኒሶሎኑን በአንድ ጊዜ አላስቆሙንም። ቀስ በቀስ ነው የቀነሱት። እናንተም ቤት ካለ፣ እባካችሁ በራሳችሁ አታቁሙ። አዲሱ መድኃኒት ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል ተባልን። ረጅም ጊዜ ነው። እናቴ በመሀል ተስፋ ቆርጣ ነበር።

አሁን የሚያናድደኝን ልናገር። ክሊኒኩ ያለው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ ብዙ ጊዜ አይሠራም። ጉልበታቸው ያበጠ ሰዎች ደረጃውን ተደግፈው ሲወጡ አያለሁ። ካርድ ለማውጣት ደግሞ ጠዋት 12 ሰዓት ወረፋ መያዝ ግድ ነው። አስቡት። ውስጥ ያለችው ሐኪም "ጠዋት ስንት ሰዓት ይታሰራሉ?" ብላ ትጠይቃለች። ውጭ ያለው አሠራር ደግሞ ሰዎቹን በዚያው በታሰሩበት ሰዓት ያሰልፋቸዋል። ከደብረ ብርሃን የመጡ አንድ አባት ካርዳቸውን በጥርሳቸው ይዘው አይቻለሁ። ጣታቸው አልጨበጠላቸውም። የዚህ ክሊኒክ ቀጠሮ ከሰዓት በኋላ ቢሆን ምን ይጎድላል? ክፍሉ ወደ ምድር ቤት ቢወርድስ? ከፍ ያለ፣ መደገፊያ ያለው ወንበር ቢኖርስ? ገንዘብ የለም ሊባል ይችላል። ሰዓት መቀየር ግን ገንዘብ አይጠይቅም። ይህን ጽፌ ለአስተዳደሩ አስገብቻለሁ። መልስ አልመጣም። ደግሜ አስገባለሁ።

እናቴ መድኃኒቱን ከጀመረች ስምንት ወር ሆናት። ደሟ፣ ጉበቷ፣ ኩላሊቷ በየጊዜው ይታያል። ጸበሏንም አልተወችም፤ ሐኪሟም ተዪ አላለቻትም። የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች እንደተጣመሙ ቀርተዋል። እነሱ አይመለሱም። ቶሎ ሄደን ቢሆን ይተርፉ ነበር ይሆናል። ለሽያጭ መጋገር ትታለች። ለቤት ግን ትጋግራለች፤ አክንባሎውን ወንድሜ ያነሳላታል። እጇ ደግሞ አሁን ቶናው ሳይደርስ ይፍታታል። አቦሉን በአንድ እጇ የያዘች ቀን ማናችንም ምንም አላልንም። ዝም ብለን አየናት።

ማክሰኞ ቀጠሮ አለን። እኔ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሄጄ ወረፋ እይዛለሁ። እሷ ቡናዋን ጠጥታ ትመጣለች።